ከመንካታቸው በፊት ስም የሚጠይቁት ሲስተር ወሰንየለሽ

በዚህ በቅዱስ ሚካኤል ደጅ የተሰበሰባችሁ ካህናት አባቶች፣ ሼሆች፣ የአገር ሽማግሌዎች፣ የጤና ጣቢያው ባልደረቦች፣ ከቆቦ፣ ከሮቢት፣ ከዋጃና ከጨፌ ዋርካ ሥራችሁን ጥላችሁ የመጣችሁ ወገኖች፤ ቤተሰቡ የሲስተር ወሰንየለሽ ታረቀኝን ዜና ሕይወት ጽፋ እንድታነብ የመረጠው የእህታቸውን ልጅ ፀዲን ነው። ፀዲ በሰው ፊት መናገር እንደሚከብዳት የምታውቋት ታውቃላችሁ። ስለ ራሷ ማንሳት ግድ በሆነባት ቦታም «እኔ» ለማለት አፍራ፣ ስሟን እየጠራች እንደ ሌላ ሰው አድርጋ ጽፋዋለችና በዚህ አትታዘቧት።

ሲስተር ወሰንየለሽ ከአባታቸው ከአቶ ታረቀኝ ደስታና ከእናታቸው ከወይዘሮ እንጉዳይ በላይ በ1952 ዓ.ም. ከሮቢት ከተማ በስተምዕራብ፣ በተራራው ግርጌ ባለች መንደር ተወለዱ። አባታቸው ክረምት ሲገባ ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ እየጠለፉ ለየማሳው የሚያከፋፍሉ ሰው ስለነበሩ ከጎርፉ ጩኸት በላይ የሚሰማ ድምፅ ነበራቸው፤ ያንን ድምፅ ከልጆቻቸው ሁሉ የወረሱት ወሰንየለሽ ብቻ ናቸው ይባላል። እናታቸው «ይቺን ልጅ ቀስ ብለሽ ተናገሪ ማለት ደራሽ ውኃን ቁም ማለት ነው» ይሉ እንደነበር ታናሽ ወንድማቸው አቶ ጋሹ ዛሬም ያስታውሳሉ።

ዕድሜያቸው ለትምህርት በደረሰ ጊዜ የመጀመሪያ ደረጃን በሮቢት፣ ሁለተኛ ደረጃን በቆቦ ከተማ ቤት ተከራይተው ከተማሩ በኋላ፣ ወደ ደሴ ተሻግረው በነርስነት ሠልጥነው በ1974 ዓ.ም. ተመረቁ። ያን ጊዜ ከመንደራቸው ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው ስላልነበረ፣ አባታቸው የምረቃውን ፎቶግራፍ በኪሳቸው ይዘው በየገበያው ያሳዩ ነበር።

ሥራ በጀመሩ በሦስተኛው ዓመት ድርቁ ቆላውን አራቆተውና በረሃብተኞች መጠለያ ተመደቡ። በዚያ ድንኳን ሰው በስሙ አይጠራም፤ የሚጠራው በእጁ አንጓ ላይ በታሰረለት ቁጥር ነበር። ስም ተጠይቆ መልስ እስኪጠበቅ ድረስ የሚቀጥለው ሕፃን ያልፍ ነበርና ጊዜ አልነበረም። ሲስተር ወሰንየለሽ መጮኽን፣ መቆጣትን፣ ሳይጠይቁ ገልጦ ማየትንና ሳይናገሩ መውጋትን የለመዱት እዚያ ነው። በዚያን ጊዜ ጩኸታቸው ብዙ ነፍስ አትርፏል፤ ይህም ሊነገርላቸው ይገባል። ድንኳኑ ከተነቀለ በኋላ ግን ድምፁ አብሮ አልተነቀለም።

በ1979 ዓ.ም. ከመምህር አላምረው ጋር በዚህ ቤተ ክርስቲያን ጋብቻቸውን ፈጽመው ይርጋንና ማስተዋልን አፈሩ። እህታቸው በሞት ስትለይም ልጇን ፀዲን ከልጆቻቸው ሳይለዩ አሳድገው፣ አስተምረው፣ በኋላም ራሳቸው በኃላፊነት በሚመሩት በጨፌ ዋርካ ጤና ጣቢያ በካርድ ክፍል እንድትቀጠር ምክንያት ሆኑ። ፀዲ «እትዬ» እያለች ትጠራቸው፣ ትወዳቸውና ትፈራቸው ነበር። መምህር አላምረው ከብዙ ሕመም በኋላ በ2004 ዓ.ም. አርፈዋል።

አሁን የሚነገረው ከዚያ በፊት የሆነ ነው። ነገሩን ግማሾቻችሁ በዓይናችሁ ያያችሁት፣ የቀራችሁትም የሰማችሁት ስለሆነ ፀዲ አልሸሸገችውም፤ ሲስተር ወሰንየለሽም በሕይወት ሳሉ ሸሽገውት አያውቁም።

በ1998 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ወይዘሮ ዚነት፣ ያኔ ገና ሙሽራ ሳሉ፣ በመጀመሪያ ልጃቸው ምጥ ተይዘው በቃሬዛ ወደ ጤና ጣቢያው መጡ። አማታቸው ወይዘሮ ጀዊሪያና ሌሎች ሴቶች አብረው ነበሩ። ሴቶቹ ከደጅ ቀሩ፤ ወይዘሮ ዚነት ብቻቸውን ገቡ። አልጋው ላይ ውጪ ተባሉ፤ እንደ አገራቸው ልማድ ተንበርክከው ማማጥ ፈለጉ። ልብስሽን ግለጪ ተባሉ፤ አፈሩ። በዚህ መካከል ሲስተር ወሰንየለሽ ጭናቸውን በጥፊ መቱና አንዲት ቃል ተናገሩ። ቃሏ ምጥ ላይ ያለች ሴት ከባሏ ጋር ባሳለፈችው ሌሊት የምትሰደብባት ቃል ናት፤ በዚህ ደጅ አትደገምም። ቃሏን ደጅ የነበሩት ሴቶች ሁሉ ሰሙ። ከግድግዳው ወዲህ ካርድ ስትደረድር የነበረችው ፀዲም ሰማች። ሕፃኗ ራዊያ በሰላም ተወለደች። ባልየው አቶ ሙንተሲር ነገሩን ከሴቶቹ በሰሙ ጊዜ በደሉን ላልበደለው ለጤና ጣቢያው ዘበኛ በዱላ መለሱ።

ከዚያ ቀን በኋላ ከጨፌ ዋርካ አንዲትም ሴት ለመውለድ አልመጣችም። ወረዳው ሰው ላከ፤ በድምፅ ማጉያ «እናቶች በጤና ተቋም ውለዱ» እየተባለ በመኪና ተዞረ። ወይዘሮ ጀዊሪያ መኪናውን አስቁመው «ልጆቼ፣ ጤና ጣቢያው ልጅ ያዋልዳል ብላችሁ ነገራችሁን፤ ስድብም እንደሚያዋልድ ግን አልነገራችሁንም» ቢሏቸው፣ መልእክተኞቹ ስቀው አለፉ። በመስከረም ወይዘሮ ኢቅራ የሚባሉ የሁለት ልጆች እናት ቤታቸው ወልደው ደም ሲፈሳቸው፣ እንውሰድሽ የሚሏቸውን «እዚያ ሄጄ ከምሰደብስ እዚሁ ልሙት» ብለው በዚያው አረፉ። በጤና ጣቢያው ስብሰባ ላይ ሲስተር ወሰንየለሽ በሐዘን «ባህል ገደላት» ብለው ተናገሩ። ይህን ያሉት ከልባቸው ነበር። ያችን ቃል መናገራቸውንም ረስተዋት ነበር፤ ለብዙዎች ያሏት ቃል ነበረችና።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ፣ በራያ ዘወልድ የሚባሉት፣ ደም የተቃባ የሚያስታርቁ ሽማግሌዎች ከጤና ጣቢያው በር ላይ መጥተው ተቀመጡ። መሪያቸው ነፍሳቸውን ይማርና ሼህ በድረዲን ነበሩ፤ ከክርስቲያኑ ወገን ደግሞ አባ ፈንታው ነበሩ። ግቡ ቢባሉ አልገቡም፤ ወንበር ቢወጣላቸው አልተቀመጡበትም። «በአንቺና በጀዊሪያ ቤት መካከል ቅያሜ አለ፤ እንድናስታርቅ ተልከናል» አሉ።

ሲስተር ወሰንየለሽ በዚያ በአባታቸው ድምፅ «እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፤ ከማንም ደም አልተቃባሁም። ቅሬታ ያለው ሰው ይኸው የአስተያየት ሣጥን ተሰቅሎለታል» አሉ።

«አየነው ልጄ» አሉ አባ ፈንታው። «ተርብ ሠፍሮበታል። እሱም እንዳንቺ ሳይጠይቅ ይናደፋል።»

በር ላይ የነበረው በሽተኛ ሁሉ ሳቀ፤ ሲስተርም ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። «የላካችሁ ማነው?» ብለው ቢጠይቁ ሼህ በድረዲን «እሱን ዘወልድ አይናገርም» አሉ። ሲስተር ግን የላኩት እነ ወይዘሮ ጀዊሪያ እንደሆኑ አልተጠራጠሩም። መክሰስ ሲችሉ ሽማግሌ መላካቸው ልባቸውን ስለነካው እሺ አሉ።

ሽማግሌዎቹ ወደ ወይዘሮ ጀዊሪያ ቤትም ሄደው ያንኑ ቃል ተናገሩ። ወይዘሮ ጀዊሪያም በበኩላቸው «ወላሂ፣ ይቺ ሴት የተማረች ሆና ሽማግሌ ከላከችብኝ እንዴት እምቢ እላለሁ?» ብለው ተቀበሉ።

የእርቁ ቀን ከዋርካው ሥር ሁለቱ ወገኖች ፊት ለፊት ተቀመጡ። በዘወልድ ሥርዓት በደለኛው የበደለበትን ነገር በገዛ አፉ ይናገራል፤ ካልተናገረ እርቅ የለም። ሲስተር ወሰንየለሽ ቃሏን እንደማያስታውሷት ተናገሩ። ወይዘሮ ዚነት እንዲያስታውሷቸው ቢጠየቁ በወንዶች ፊት አፈሩና ተነሥተው በሲስተር ጆሮ ነገሯቸው። ከዚያ ሼህ በድረዲን «በይ ልጄ፣ ድገሚያት» አሉ።

ሲስተር ወሰንየለሽ ሊደግሟት አፋቸውን ከፈቱ፤ አልወጣ አላቸው። እንደገና ሞከሩ። ያ ጎርፍ የሚያቋርጥ ድምፅ ያን ቀን ጠፋ። ራቁቷን ለሆነች፣ ምጥ ላይ ላለች ሴት የተናገሯትን ቃል፣ ለብሰው፣ ጤነኛ ሆነው፣ በጠራራ ፀሐይ በሽማግሌ ፊት መናገር አቃታቸው። ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው መሬቱ ላይ ተቀመጡ። በመጨረሻም ወይዘሮ ጀዊሪያ «ይበቃታል። ያልወጣላት እኮ የወጣላትን ያህል ነው» አሉ።

ሽማግሌዎቹ በሁለቱም ወገን ፈረዱ። አቶ ሙንተሲር ዘበኛውን ይቅር በለኝ ብለው ጉልበቱን ስመው ካሱት፤ የጨፌ ዋርካ ሰውም ምጥ ሳይከፋ ሴቱን ሊያመጣ፣ በጤና ሠራተኛ ላይም እጅ ላያነሣ ማለ። በሲስተር ላይ የተፈረደው ካሣ ግን ብር አልነበረም። የሚመጣን ሰው ሁሉ ከተቀመጡበት ተነሥተው ደጅ ድረስ ወጥተው ሊቀበሉ፣ ስሙንና የማን ልጅ መሆኑንም ሳይጠይቁ ላይነኩት ተፈረደባቸው። ካህኑ በመስቀል፣ ሼሁ በዱዓ አሰሩት።

ሲስተር ወሰንየለሽ ይህን ካሣ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ከፈሉ። በር ላይ ቆመው «ማን ልበል?» ይሉ ነበር። ወላድ አንድ የምትወዳትን ሴት ይዛ እንድትገባ ፈቀዱ፤ መንበርከክ የፈለገች እንድትንበረከክ ምንጣፍ አነጠፉ፤ የሚገልጡትን ከመግለጣቸው በፊት ይናገሩ ጀመር። አዳዲስ ሠራተኞች ሲመደቡ፣ መርፌ ከማስያዛቸው በፊት በር ላይ አቁመው ስም ያስጠይቋቸው ነበር። ወጣቶቹ በሹክሹክታ «ሲስተር ደጀ ሰላም» የሚል ስም አውጥተውላቸው ነበር፤ ሰምተውታል፤ አልተቀየሙም። «ሥራ ይበዛል፣ ወረፋው ረጅም ነው» ለሚሏቸው «ስም መጠየቅ ወረፋ አያስረዝምም፤ የሚያስረዝመው ተሰድቦ የሄደው ሰው ታሞ ሲመለስ ነው» ይሉ ነበር። መቆጣት ፈጽሞ ተዉ ማለት አይደለም፤ ካርድ ያልደረደረችውን ፀዲን እስከ መጨረሻው ተቆጥተዋል።

በጦርነቱ ዘመን መንገዱ ተዘግቶ፣ ጤና ጣቢያው ባዶውን በቀረ ጊዜ፣ የጨፌ ዋርካ ሰዎች የማዋለጃ አልጋውንና መቀቀያ ዕቃውን ቀድመው አውጥተው በወይዘሮ ጀዊሪያ የማሽላ ጎተራ ደብቀውት ነበር። በእነዚያ ወራት ጡረታ የወጡት ሲስተር በዚያ ቤት ተቀምጠው አዋለዱ። የወላዶቹን መሸፈኛም ያች በስድብ መካከል የተወለደችው ራዊያ ሰፋችው፤ ዛሬም በዋጃ ልብስ ሰፊ ናት።

ሁለቱ ሴቶች በዓል ለበዓል የሚጠያየቁ እህትማማች ሆኑ። ፀዲ በየጊዜው አብራ ስለነበረች የሚባባሉትን ታውቃለች። ሲስተር ወሰንየለሽ «ጀዊሪያዬ፣ ያን ጊዜ ሽማግሌ ባትልኪብኝ ሰው ሳልሆን እሞት ነበር» ይላሉ። ወይዘሮ ጀዊሪያ ደግሞ «ኧረ አንቺው ነሽ የላክሽው፤ እኔ ምን ልኬ!» ይመልሳሉ። «እኔማ አልላክሁም።» «እኔም ወላሂ አልላክሁም።» ከዚያ ሁለቱም ይሳሳቃሉ። በአገራችን ደግ የሠራ ሰው ሠራሁ አይልምና፣ እያንዳንዳቸው የሌላዋን መካድ ጨዋነት ነው ብለው ተቀበሉት። በየበዓሉ እውነቱን ይነጋገሩ ነበር፤ በየበዓሉም አይተማመኑም ነበር።

ሲስተር ወሰንየለሽ ባለፉት ሁለት ዓመታት በኩላሊት ሕመም ሲሠቃዩ ቆይተው ለሕክምና ወደ ትልቅ ከተማ ተወስደው ነበር። እዚያም አንድ ወጣት ሐኪም ከተማሪዎቹ ጋር ገብቶ አንሶላቸውን ሳይናገር ቢገልጥባቸው፣ በደከመ ድምፅ «ማን ልበል ልጄ?» አሉት። ወጣቱ ደንግጦ አንሶላውን መለሰና «ናትናኤል እባላለሁ እማማ» አለ። «እኔ ወሰንየለሽ ነኝ። አሁን ግለጥ» አሉት። ከዚያ በኋላ ናትናኤል በር ላይ ስሙን ሳይናገር ገብቶ አያውቅም። ሕክምናው የሚችለውን ካደረገ በኋላ በራሳቸው ፈቃድ ወደ ቤታቸው ተመልሰው፣ በተወለዱ በስልሳ አምስት ዓመታቸው ትናንት ማለዳ ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፈዋል።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ፀዲ ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ በተቀመጠች ጊዜ ወይዘሮ ጀዊሪያ መጥተው አጠገቧ ተቀመጡ። «ፀድዬ፣ አደራ፣ ሽማግሌ የላከችው እሷ መሆኗን ጻፊ። ኩራት እንዳልነበረባት ሰው ይወቅላት» አሉ። እሳቸው ከወጡ በኋላ አቶ ጋሹ ገብተው «እህቴ እስክትሞት የምታመሰግነው የእነ ጀዊሪያን ቤት ነው፤ የላኩት እነሱ መሆናቸው ይጻፍላቸው» አሉ። ሁለቱም የለመኑት ለሌላው ክብር ነበር። ፀዲ አንዱን ብትጽፍ በሙት ላይ ትዋሻለች፤ ሌላውን ብትጽፍ በሕያው ላይ ትዋሻለች። መስመሩን ባዶ ትታ አደረች።

እውነቱ ይህ ነው። ሽማግሌዎቹን ከሁለቱ ወገን የላከ የለም። የላከቻቸው ፀዲ ናት።

ወይዘሮ ኢቅራ ከተቀበሩ በኋላ በገበያ ቀን፣ ሼህ በድረዲን ገመድና ማጭድ ወደሚሸጡበት ሱቅ ሄደች። መናገር አፍራ ገመድ ገዝታ ወጣች። ተመልሳ ማጭድ ገዛች። ሦስተኛ ስትመለስ ሼሁ «ልጄ፣ አጨዳ ጀመርሽ ወይስ ሌላ ጉዳይ አለሽ?» አሏት። መሬት መሬት እያየች ነገረቻቸው።

«ደም ፈስሷል?» አሉ።

«የለም።»

«ታዲያ ዘወልድ ምን ሊያደርግ ይሄዳል?»

«ቃል ነው» አለች። «ሴት ሞተችበት።»

ሼሁም «እሱማ ከደም ይብሳል፤ ደም እንኳ ይደርቃል» አሉ። «እንሄዳለን። ማን ላካችሁ ቢሉን አንናገርም፤ አንዋሽምም።» ያን ማታ እትዬ ማጭዱን አይተው «ምነው ፀዲ፣ ካርድ ልታጭጂበት ነው?» ብለው ሳቁባት፤ እሷም ዝም አለች።

ዝም ያለችው መጀመሪያ ላይ አሳዳጊዋን በሽማግሌ ስላስከሰሰች አፍራ ነው። በኋላ ግን ሌላ ፍርሃት መጣባት። ሁለቱ የታረቁት እያንዳንዳቸው ሌላዋ ቀድማ ዝቅ አለችልኝ ብለው ነበርና፣ ማንም ዝቅ እንዳላለ ቢያውቁ እርቁ ይፈርሳል ብላ ሠጋች። አንድ በዓል ሁለቱ ሲከራከሩ ልትናገር ተነሥታ፣ ሲሳሳቁ አይታ ተቀምጣለች። እትዬ ሊያርፉ ሲሉም አልጋቸው አጠገብ ቁጭ ብላ ሳትነግራቸው ቀረች። ይህ ሲቆጫት ይኖራል።

አሁን ከሁለቱ አንዷ አፈር ሊለብሱ ነው፤ ሌላዋ፣ ወይዘሮ ጀዊሪያ፣ እዚህ ፊት ለፊት ተቀምጠው ይሰማሉ። ወይዘሮ ጀዊሪያ፣ እትዬ አልላክሁም ሲሉዎት እውነታቸውን ነበር። እርስዎም እውነትዎን ነበር። ያልላከ ሰው የታረቀው እርቅ ይፈርስ እንደሆነ ፍርዱ የእርስዎ ነው። ፀዲ የሚከተለውን የጻፈችው ፍርድዎን ሳትሰማ ነውና፣ ከተሳሳተች ያርሟት።

ሲስተር ወሰንየለሽ ታረቀኝ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ፣ ሦስት የልጅ ልጆች፣ ወንድማቸውን አቶ ጋሹ ታረቀኝን፣ ያሳደጓትን ፀዲን፣ እህታቸውን ወይዘሮ ጀዊሪያን፣ ወይዘሮ ዚነትን፣ ልጃቸውን ራዊያን፣ እንዲሁም በእጃቸው ተወልደው የራሳቸው ስም ከመጠራቱ በፊት የእናታቸው ስም የተጠየቀላቸውን የጨፌ ዋርካ ልጆች ሁሉ ትተው አልፈዋል።

ከሩቅም ከቅርብም መጥታችሁ ሐዘናችንን የተካፈላችሁትን እግዚአብሔር ያክብርልን። እርሳቸውም ዛሬ እንግዳ ሆነው፣ ማንም በማያውቃቸው ደጅ ይቆማሉ። ደጅ ድረስ ወጥቶ የሚቀበላቸውን፣ ከምንም ነገር በፊትም ስማቸውን የሚጠይቃቸውን ፈጣሪ አያሳጣቸው። አሜን፤ አሚን በሉላቸው።